የኢቫኖ የመንገድ ወረቀት

ኦገስት 4

ሐኪሟ ጻፊ አለችኝ። እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ፈልጌ ሄጄ፣ ደብተር ግዢ ብላ ሸኘችኝ። እኔ ትምህርት ያቆምኩት አምስተኛ ክፍል ነው። አንድ መስመር ጽፌ እስክጨርስ ድስት ሙሉ ሾርባ ይበስላል።

ሮዜላ እባላለሁ። ፎሊኞ ከተማ፣ ከባቡር ጣቢያው የሰባት ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ፎቁ ላይ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለእንግዳ አከራያለሁ። አከራያለሁ ልበል እንጂ ሥራውን የጀመረው ልጄ ኢቫኖ ነው። ቀን በባቡር ጥገናው ይሠራል፣ ማታ ከእንግዶቹ ጋር ያወራል። ቁርሱ ብቻ የኔ ነበር።

ኢቫኖ በፌብሩዋሪ ሞተ። አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር። ልቡ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ሐኪሟ ደስ ይበላት።

ኦገስት 6

ሆላንዶች ገብተዋል። ባልና ሚስት፣ ሁለቱም እንደ ስልክ እንጨት የረዘሙ። ለስድስት ሌሊት።

እኛ ከተማ ሰው የሚመጣው እኛን ሊያይ አይደለም። ከዚህ እየተነሣ አሲዚን፣ ስፔሎን፣ ትሬቪን፣ ስፖሌቶን ሊያይ ነው። ባቡሩ ሁሉ እዚህ ይገናኛል፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ለሻንጣ ይመቻል። የኛ ሰው ግን ፎሊኞ የዓለም እምብርት ናት ይላል። አውሮፓ የዓለም መሃል፣ ጣሊያን የአውሮፓ መሃል፣ እኛ ደግሞ የጣሊያን መሃል። ከቤቴ ሥር ቡና ቤት ያለው ሴቲሚዮ ትክክለኛው ነጥብ የእሱ ባንኮኒ ሥር ነው ብሎ ይምላል። ይሁንለት። ከቁርስ በኋላ ግን እምብርቱ ላይ የሚቆይ እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

ለሆላንዶቹ የኢቫኖን ወረቀት ሰጠኋቸው። በእጁ የጻፈው ነው። አምስት መንገድ አለበት፤ የቱን ባቡር በስንት ሰዓት መያዝ፣ የት መውረድ፣ ምን መብላት፣ በስንት መመለስ። ከታች ስልክ ቁጥሩን ጽፎ «መንገድ ከጠፋችሁ ደውሉ» ይላል። ለእንግዳ የምሰጠው ኮፒውን ነው። የኮፒ ማሽን መብራት ቀለም ይበላል ሲሉ ስለሰማሁ ዋናውን አላስነካም፤ ኮፒውን ከኮፒ ነው የማስነሣው። ትንሽ ገርጥቷል፤ ይነበባል ግን።

ኦገስት 7

ሆላንዶቹን የአሲዚ ባቡር አመለጣቸው። ወረቀቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከዐሥር ይላል፤ ባቡሩ ለሁለት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ጉዳይ ሲል ሄዷል። ጣቢያው ውስጥ አንድ ሰዓት ተገተሩ። የሆላንድ ሰው ብስክሌት እንጂ ባቡር አልለመደም።

መሳቢያው ውስጥ ያለው የኢቫኖ ስልክ ጠዋት ሁለቴ ጮኸ። ሻጮች ይሆናሉ።

ኦገስት 8

ትናንት የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። ስለ ብስክሌቱ ያልኩት ትክክል አይደለም። ቀርፋፋ ናቸው ለማለት ነው።

ኦገስት 12

ሆላንዶቹ ጠዋት ሄዱ፤ ጀርመኖች ገቡ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ሻንጣቸውን ጥለው ወዲያው ትሬቪ ሄዱ። ትሬቪ ኮረብታው ላይ ነው፤ ጣቢያው ግን ከታች ሜዳው ላይ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «አውቶቡሱ ባቡሩን ይጠብቃል። ሾፌሩ ኦቴሎ ነው። ከኢቫኖ ቤት ነን በሉት።»

አውቶቡሱ አልጠበቃቸውም። ሁለተኛው ሲመጣ ሾፌሯ ወጣት ሴት ናት። አባትየው ከኢቫኖ ቤት ነን ቢላት፣ እኔ ከእናቴ ቤት ነኝ አለችው አሉ። ኦቴሎ ለካ በፋሲካ ጡረታ ወጥቶ ጥንቸል እያረባ ነው። አባትየው ማታ ሲመለስ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

ይህን ኢቫኖ የሚባል ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል አለኝ። ደስታው ግን ፊቱ ላይ አይታይም። የማታ ፈረቃ ነው አልኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ኦገስት 13

ስለ ውሸቱ አሰብኩ። የመጀመሪያዬ አይደለም። ለሆላንዶቹ ባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄዷል ብያለሁ። በጁን ለመጡት ፈረንሳዮች ተኝቷል አልኩ። ከዚያ በፊት አንዷን ሚላኖ ኮርስ ላይ ነው ብያታለሁ። ስንት ቦታ ላክሁት! በሕይወቱ እንዲህ ዞሮ አያውቅም።

ኦገስት 15

ዛሬ በዓል ነው። ልጄ ዶናቴላ ከፔሩጃ ለምሳ መጣች። ሕጉ እንደሚያዘው የእንግዶቹን ስም በየቀኑ ለፖሊስ የምትልክልኝ እሷ ናት፤ ኮምፒዩተር እኔን አይወደኝም። ስለ ቤታችን የሚጻፈውንም እሷ ታነባለች። ዛሬ ዳቦውን እየቆረስኩ ከስልኳ ላይ አነበበችልኝ። «ባለቤቷ ደግ ሴት ናት። በፖም የምትጋግረው ሮቻታ ግሩም ነው። የምትሰጣችሁን ወረቀት ግን አትመኑ።»

«ደግ ብለውኛል» አልኳት።

«እማዬ፣ የባቡሩ ሰዓት በጁን ተቀይሯል። ስንቴ ልንገርሽ?»

«እንግዲያው የተቀየረው ባቡሩ ነው። ወረቀቱ ምን አደረገ?»

ስልኳን አስቀመጠች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኢቫኖ ራሱ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ይቀይረው ነበር» አለች። ድስቱን ላየው ወደ ማድቤት ሄድኩ። ድስቱ እሳት ላይ አልነበረም።

በኮምፒዩተር የተጻፈ አዲስ ወረቀት አምጥታለች። ሰዓቱ ሁሉ ልክ ነው፤ ንጹሕ ነው። የሐኪም ትእዛዝ ይመስላል። የትኛው ዳቦ ቤት ጥሩ እንደሆነ አይልም። አመስግኜ መሳቢያው ውስጥ ስልኩ ላይ ደረብኩት።

ስልኩን በየቅዳሜው ኃይል እሞላዋለሁ። ባትሪው እንዳይበላሽ ነው።

ኦገስት 26

ከበሮ መቺዎቹ ልምምድ ጀምረዋል፤ የሴፕቴምበሩ የፈረስ ግጥሚያ ደርሷል። መስኮቱን ዘጋሁ። ሞቀኝ። ከፈትኩ።

ሴቲሚዮ ዛሬ ሰው በተሰበሰበበት ቀለደብኝ። «ሮዜላ፣ ያንቺ እንግዶች ጣቢያችንን ከኔ በላይ ያውቁታል። ቁጭ ብለው ነው የሚያጠኑት» አለኝ። የሱን ካፑቺኖ ጠጥቶ የዳነ ሰው ባቡር ቢያመልጠው ምን ይሆናል አልኩት። ሳቁ። ስወጣ ግን ከኋላዬ ለአንዱ በሹክሹክታ «ተዋት፣ አትነካት። የልጇ እጅ ጽሑፍ ነው» ሲል ሰማሁት።

ጠላሁት። ከሚቀልደው ይልቅ ሲያዝን ጠላሁት።

ሴፕቴምበር 1

ሲኞሪና ኦታቪያ መጡ፤ ያላገቡ ናቸው፣ ከሰሜን ከኩኔዮ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ መታወቂያቸው ላይ አይቻለሁ። አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። ዐሥር ቀን ይቆያሉ። ቦርሳቸው የኔን የገበያ ዘንቢል አያህልም።

ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው ለመመለስ እንዳልመጡ ነገሩኝ። ቆንጆ ቦታ ቁጭ ብለው ሰው ማየት ነው የሚፈልጉት። ወረቀቱን ስሰጣቸው መነጽራቸውን አድርገው እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ይህን የጻፈው ሰው መብላት ይወዳል» አሉ።

«ልጄ ነው።»

«የታለ?»

«ሩቅ ነው» አልኩ። ይሄኛው እንኳ ውሸት አይባልም።

ከመነጽራቸው በላይ ትንሽ አዩኝና ወረቀቱን በአራት አጠፉት።

ሴፕቴምበር 3

ሲኞሪና ስፔሎ ውለው መጡ። ወረቀቱ ስለ ዳቦ ቤቱ እውነቱን ተናግሯል፣ ስለ ባቡሩ ግን ዋሽቷል አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። በቀይ እርሳስ ሰዓቱን ሰርዘው ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈውበታል።

የኢቫኖ ጽሑፍ ላይ ቀይ እርሳስ!

 ማታ አዲስ ኮፒ በበራቸው ሥር አስገባሁላቸው።

ሴፕቴምበር 4

ቁርስ ላይ አዲሱን ኮፒ ይዘው መጡ።  ሁለተኛ ቁራሽ ሮቻታ ጠየቁኝ፣ ሰጠኋቸው። አፈርኩ። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሴት የጻፉትን እንደ ሕፃን ጭረት ወረቀት ቀይሬ ማጥፋቴ ነው እኮ።

ነገ ካምፔሎ ይሄዳሉ፣ ወደ ክሊቱኖ ምንጭ። የቀይ እርሳሱ ወረቀት የታለ ብዬ ልጠይቃቸው አስቤ ነበር።

አልጠየቅኩም።

ሴፕቴምበር 5

ዝናብ። በረዶም አለው። ሲኞሪና ገና አልተመለሱም። ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ይጮኻል። ነገ እጽፋለሁ

ሴፕቴምበር 6

የትናንቱን ልጻፍ።

ድንች እየላጥኩ ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ ቆመ። ደግሞ ጮኸ። ሻጭ ነው አልኩ። ድንቹን ጨረስኩ፤ መላጥ የማያስፈልገውንም ላጥኩ። ሦስተኛ ሲጮኽ፣ በዚህ ዶፍ የሚሸጥ ሻጭ የትኛው ነው ብዬ መሳቢያውን ሳብኩ። እጄ እርጥብ ነበር።

«ኢቫኖ ነህ?» አለ የሴት ድምፅ።

«እናቱ ነኝ።»

«ሲኞራ፣ ኦታቪያ ነኝ። ካምፔሎ ጣቢያ ነኝ። ወረቀቱ የሚለው ባቡር ሳይቆም አልፎኝ ሄደ፤ እዚህ መቆም ትቷል መሰለኝ። ሰው የሚባል የለም፣ ጣሪያውም ያፈሳል። ልጅዎ ደውሉ ብሎ ጽፏልና ደወልኩ። ከሄደበት ተመልሶ ከሆነና መኪና ካለው ይምጣልኝ።»

«ሊመጣ አይችልም» አልኩ።

«ለምን?»

ባሕር ዳርቻ ሄዷል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ሞቷል» አልኩ። «በፌብሩዋሪ ሞተ።»

 «እግዚአብሔር ያጽናሽ»፣ «ልቤ ተነካ» የሚል ነገር እጠብቅ ነበር። ሰባት ወር የሰማሁት እሱን ነው።

«እንግዲያው እርስዎ ይምጡ» አሉኝ።

ሽርጤን ሳልፈታ ወደ ሴቲሚዮ ወረድኩ። ምን ብዬ እንደነገርኩት አላውቅም። አባቱ የተቀበሩ ቀን እንኳ ከሰዓት በኋላ የከፈተ ሰውዬ ቡና ቤቱን ዘግቶ መኪናውን አስነሣ። እስከ ካምፔሎ አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ ቀበቶ እሰሪ አለኝ።

ሲኞሪና አግዳሚው ላይ የገበያ ፌስታል በራሳቸው ደፍተው ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። መኪናው ውስጥ ሦስታችንም እንደ ረጠበ በግ ሸተትን። ሴቲሚዮ ኮቱን አለበሳቸው።

ሌሊቱን ሁሉ ሲያስሉ ሰማኋቸው። በልጄ ወረቀት ሰው ልገድል ነበር። ኢቫኖ ለእንግዳ ጃንጥላ ይዞ ጣቢያ ድረስ የሚሮጥ ልጅ ነበር። እኔ ነኝ ሰው የሚገድል ወረቀት ያደረግኩበት።

ሴፕቴምበር 8

ትኩሳታቸው ወረደ። ሾርባውን ሲጠጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ስልኩን ከፍቼ አየሁ። ከኤፕሪል ወዲህ ሠላሳ አንድ ጥሪ አለው። የሆላንድ ቁጥር አለ፣ የጀርመን አለ፣ የፈረንሳይ አለ። ሻጮች መስለውኝ ነበር አልኳቸው።

እዚህ ደብተር ላይ ግን ልዋሽ አልችልም። አልመሰሉኝም።

ሴፕቴምበር 9

ዛሬ ሲኞሪና አልጋው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን አምጪ አሉኝ። ከዝናቡ ወዲህ አንቺ ይሉኛል።

«ኮፒውን ሳይሆን እሱ የጻፈውን» አሉ።

ከጸሎት መጽሐፌ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። እጃቸውን በብርድ ልብሱ ጠርገው ተቀበሉኝ። ቀይ እርሳሱን ፈራሁ፤ አላነሱትም።

«ጎበዝ ተማሪ ነበር» አሉ። «አሁን ግን ሳይጠየቅ መልሱ ተቀየረበት። እንዲህ ከተውሽው የመጣው እንግዳ ሁሉ እሱን ይረግማል። እኔ ራሴ ጣቢያው ላይ ረግሜዋለሁ። ይቅር ይበለኝ።»

እንደ ጥፊ ተሰማኝ። ልጄን በየጣቢያው ሲረግሙት የከረሙት በኔ ነው።

ምን ይሻላል ብላቸው፣ አምስቱን መንገድ አብረን እንሂድና እናርመው አሉ። ሌላ ዘጠኝ ቀን ይጨምራሉ። እዚህ ተወልጄ ስልሳ ስምንት ዓመት ኖሬ ትሬቪ የሄድኩት ሁለቴ ነው፤ ሁለቱም ቀብር ነበር። ስፖሌቶ የሄድኩት ለኩላሊት ራጅ ነው። ይህን ስነግራቸው፣ እንግዲያው አሁን በደኅና ጊዜ ነው የምትሄጂው አሉኝ።

ሴፕቴምበር 12

ስፔሎ። ዳቦ ቤቱ ልክ ነው። ባለቤቱ ኢቫኖን ያውቀዋል፤ የቅዳሜ ደንበኛዬ ነበር አለኝ። እኔን ግን ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሩጫ እወጣለሁ ይለኝ ነበር። ሩጫው ይህ ነው ለካ።

ሴፕቴምበር 14

ትሬቪ። ወጣቷ ሾፌር አለች። ሲኞሪና ሆን ብለው ከኢቫኖ ቤት ነን አሏት። ልጅቷ መሪውን ይዛ ዞረችና «ይሄ ኢቫኖ ማነው? በዚህ በጋ ሰባት ሰው ነው የላከብኝ። ከንቲባው ነው እንዴ?» አለች።

«የኔ ልጅ ነው። ሞቷል፤ በፌብሩዋሪ» አልኳት።

ሁለተኛዬ ነው። ከመጀመሪያው ትንሽ ቀለለ። ልጅቷ ደነገጠች። ስንወርድ ስሟን ነገረችኝ፤ ሎሬዳና ነው። አውቶቡሱ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚጠብቀው፣ ቢሆንም ከኢቫኖ ቤት ነን ያለኝን ሰባት ደቂቃ እጠብቃለሁ አለች። ጻፍኩት።

ሴፕቴምበር 17

ስፖሌቶ። ወረቀቱ ከጣቢያው እስከ ትልቁ ድልድይ፣ ሸለቆው ቁልቁል እስከሚታይበት፣ ሃያ ደቂቃ ይላል።

ሃያ ደቂቃ ቆይተን ገና የከተማው በር ላይ ነን። አርባ ላይ ሲኞሪና ለሦስተኛ ጊዜ የመንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቀበቱ አያልቅም። በአንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ደረስን፤ ነፍሴ አፍንጫዬ ሥር ደርሳለች። ሰዓቴን አየሁና ንድድ አልኩ። መንገድ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። «ሃያ ደቂቃ! ውሸታም! እኔ እናትህ ነኝ፣ እንዲህ ታደርገኛለህ?» ምንጊዜም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚያሳድደው ይመስል ነበር የሚሄደው። አብሬው ገበያ ስወጣ ጀርባውን ብቻ ነበር የማየው። ቆይ እንጂ እለዋለሁ፤ ጥግ ላይ ቆሞ ይስቅብኛል።

ሲኞሪና እግሩ ምን ያህል ይረዝም ነበር አሉኝ። እጄን ከብብቴ በላይ አንሥቼ አሳየኋቸው። ይህማ ፈረስ ነው አሉ። ሳቅ ጀመረን። ሁለት አሮጊቶች ግንቡን ይዘን ስንንከተከት የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ከሰባት ወር በኋላ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጎኔ አመመኝ።

ኋላ ሸለቆውን ቁጭ ብለን አየን። ዓይኔ ውስጥ ላብ ገባብኝ። ሲኞሪና መሐረብ ሰጡኝ፤ ወደ ሸለቆው እያዩ ነበር።

ሴፕቴምበር 20

ሲኞሪና ሄዱ። ባቡሩ ላይ አሳፈርኳቸው፤ በሰዓቱ። በመስኮቱ በኩል፣ አንድ የቀረ መንገድ አለ፣ ፎሊኞን አላየሁም አሉኝ። የሚታይ ነገር ስለሌለ ነው አልኩ። የዓለም እምብርት አይደለም እንዴ አሉ። ሴቲሚዮ ነግሯቸዋል።

ሴፕቴምበር 28

ዶናቴላ መጣች። ጠረጴዛው ላይ እየጻፍኩ አገኘችኝ። በአንድ ጎኔ የኢቫኖ ዋናው ወረቀት፣ በሌላው የእሷ የኮምፒዩተር ወረቀት። ሰዓቱን ከእሷ፣ የሚበላውን ከእሱ እገለብጣለሁ። ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ የታጠቡትን ሳህኖች ደግማ አጠበች። ተውኳት፤ ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ።

ኦክቶበር 3

ጨረስኩ። ሦስት ወረቀት አበላሽቼ አራተኛው ላይ። ጽሑፌ ትልልቅ ነው፤ እሱ በአንድ ገጽ የጨረሰውን እኔ በሁለት ገጽ ነው የጻፍኩት። ከታች የራሴን ስልክ አደረግኩ። የእሱን ወረቀት ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ መለስኩት።

ስፖሌቶ ላይ ስደርስ ብዙ አሰብኩ። ሃያውን ሰርዤ ስልሳ ልበል? ዶናቴላ ልክ የሆነውን ብቻ ጻፊ ብላለች። ሲኞሪና ቢሆኑ ኖሮ በቀይ ይሰርዙት ነበር። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ ዛሬ ለገቡት ፖላንዶችም ይኸንኑ ሰጠኋቸው፦

«ከጣቢያው እስከ ድልድዩ አቀበት ነው። ልጄ ኢቫኖ በሃያ ደቂቃ ይወጣው ነበር። እናንተ አንድ ሰዓት ያዙ።»